ለጌም ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ወይስ ያለኝን ልቀይር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተሬ ውስጥ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 1070 ግራፊክስ ካርድ አለ። ሞኒተሬን ወደ 1440ፒ (ብዙ የምስል ነጥቦች ወዳሉት) ካሳደግሁ ወዲህ፣ ቀድሞ ያለችግር ይሠሩ የነበሩ ጌሞች በሰከንድ ከ40 ፍሬም በታች እየወረዱ ይንቀራፈፋሉ፤ አዳዲሶቹ ደግሞ የምስል ጥራቱን ከፍ ሳደርግ የካርዱ ሜሞሪ እንደማይበቃ ያስጠነቅቁኛል። አንድ የማውቀው ሰው ተመሳሳይ 1070 በቅናሽ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው። የማዘርቦርዴ መመሪያ ኤስኤልአይ (ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን አጣምሮ የማሠራት ዘዴ) እንደሚሠራ ይገልጻል፤ ፓወር ሰፕላዬም 650 ዋት ነው። ሁለቱን ካርዶች ባገናኛቸው ፍጥነቱ እጥፍ፣ ሜሞሪውም 16 ጊጋባይት ይሆንልኛል ወይ? ወይስ ገንዘቤን ይዤ አንድ የተሻለ ካርድ ብገዛ ይመረጣል?

መልስ 1

ከሜሞሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም ውሳኔዎን የሚወስነው እሱ ይመስለኛል። በኤስኤልአይ የተገናኙ ሁለት ካርዶች ሜሞሪያቸው አይደመርም። አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚከፋፈሉት ፍሬሞችን ተራ በተራ በመሳል ነው፤ አንደኛው 1ኛውንና 3ኛውን ሲስል ሌላው 2ኛውንና 4ኛውን ይስላል። እያንዳንዱ ካርድ ሙሉውን ትዕይንት መሳል ስላለበት፣ አንዱ ሜሞሪ ላይ የተጫነው ነገር ሁሉ ሌላውም ላይ መጫን አለበት። ስለዚህ ሁለት ባለ 8 ካርዶች ይዘው ለጌሙ የሚኖርዎት ያው 8 ጊጋባይት ነው፤ ማስጠንቀቂያውም አይጠፋም።

ፍጥነቱም ቢሆን እጥፍ የሚሆነው እምብዛም ነው። የዛሬዎቹ ጌሞች የምስሉን ጠርዝ ለማለስለስ ካለፈው ፍሬም መረጃ ይወስዳሉ፤ ያለፈው ፍሬም ግን ያለው ሌላኛው ካርድ ላይ ስለሆነ መረጃው እስኪሻገር መጠበቅ ግድ ይላል፣ የተገኘው ጥቅምም እዚያው ይባክናል። በዚህ ላይ ፍሬሞቹ በእኩል ርቀት አይደርሱም። ቆጣሪው በሰከንድ 60 ፍሬም እያሳየ፣ አንዱ ፍሬም በ8 ሚሊሰከንድ ቀጣዩ በ25 ሚሊሰከንድ ሊመጣ ይችላል፤ ዓይን የሚያየው ያንን 25ቱን ነው፣ እሱም በሰከንድ ከ40 ፍሬም አይበልጥም።

የካርዱ ሠሪ ኩባንያም ራሱ መንገዱን ዘግቶታል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአርቲኤክስ 20ና ከዚያ በፊት ለወጡ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (አንድ ጌም ሁለቱን ካርዶች እንዴት እንደሚጠቀም የሚወስን ቅንብር) ድራይቨሩ ውስጥ መጨመር አቁሟል። ከ30ው ትውልድ ሁለት ካርዶችን የሚያጣምረው ማገናኛ የነበራቸው 3090 እና 3090 ቲአይ ብቻ ናቸው፤ በ2022 የወጣው 4090 ጭራሹን የለውም። ጌሞች ከካርዱ ጋር የሚነጋገሩባቸው አዳዲስ ሶፍትዌሮች፣ ዳይሬክትኤክስ 12 እና ቩልካን፣ ካርዶቹን የማስተባበሩን ሥራ ለጌም ሠሪዎች ትተውላቸዋል፣ ይህን የሠሩት ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን 1070 በነፃ ቢሰጡኝ እንኳ ለዚህ ዓላማ አልገጥመውም።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከ2021 በፊት የተዘጋጁት ፕሮፋይሎች ስላልጠፉ፣ የሚጫወቱት የቆዩ ጌሞችን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ጭማሪ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። ጥያቄዎ ላይ የጠቀሱት ግን አዳዲሶቹንም ነው።

ፓወር ሰፕላዩ አያሳስብም፤ አንድ 1070 ወደ 150 ዋት ስለሚወስድ ሁለቱ 300 ገደማ ናቸው። የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ሁለቱ ካርዶች ሲደራረቡ የላይኛው ፋን ከታችኛው ካርድ ጀርባ ጋር ጣት በማያስገባ ክፍተት ይፋጠጣል፣ የሚስበውም አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ድምፁም ይጨምራል።

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ በእርግጥ ካርዱ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዱን ጌም ከፍተው ሌላውን ማስተካከያ ሳይነኩ ጥራቱን ከ1440ፒ ወደ 720ፒ ያውርዱት። ፍሬሙ በብዙ ከጨመረ ጫናው ካርዱ ላይ ነው፤ ካልተነቃነቀ ግን ያነሰው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ የቱንም ካርድ ቢገዙ አይፈታም።

መልስ 3

ሁለተኛ ካርድ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ እንደ ብሌንደር ያሉ የሦስት ገጽታ (3ዲ) ምስል መሥሪያ ፕሮግራሞች ሥራውን ለሁለቱም አከፋፍለው ይጨርሳሉ፣ ማገናኛም አይጠይቁም። ለጌምም ሎስለስ ስኬሊንግ የተባለው ፕሮግራም ተጨማሪ ፍሬሞችን በሁለተኛው ካርድ ማመንጨት ይችላል፤ ካርዶቹ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ሆኖም የሚጨምራቸው ፍሬሞች በግምት የተሠሩ ናቸው፣ ለትእዛዝዎ የሚሰጠውም ምላሽ በመጠኑ ይዘገያል፤ የሜሞሪ እጥረቱንም አይነካውም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሙከራውን በሦስት ጌሞች ላይ አደረግሁት፤ በ720ፒ ፍሬሙ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ጫናው ካርዱ ላይ መሆኑ ግልጽ ሆኖልኛል። ያለኝን 1070 ሸጬ አንድ ካርድ እገዛለሁ። በ1440ፒ ለመጫወት ምን ያህል ሜሞሪ ያለው ብይዝ ይሻላል?

መልስ 1

12 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ፤ ሌላ 8 ከገዙ በፍጥነት ቢሻልም ማስጠንቀቂያው ይከተልዎታል። ከመክፈልዎ በፊት የካርዱን ርዝመት በኬዝዎ ውስጥ ካለው ቦታ ጋር ያስተያዩ፤ አዲሶቹ ከ1070 ይልቅ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ፓወር ሰፕላዩም የሚጠይቁት ዓይነት ኬብል እንዳለው ይመልከቱ።