ይቺ የ«ፀሐይ» ካንጂ ግራ አጋባችኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሂራጋና የሚባለው የድምፅ ፊደላቸው ብዙም አላስቸገረኝም፤ ባመዛኙ እንደኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ነው። ካንጂ ላይ፣ ማለትም ከቻይና የመጡት ትርጉም ያዘሉ ምልክቶች ላይ፣ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ።

የያዘችኝ ፀሐይም ቀንም ማለት የሆነችው ናት። ቆም ያለች ሳጥን፣ መሃሏ ላይ አንድ አግድም መስመር፣ በቃ። አራት ጭረት ብቻ። (እኔ ሳጥኑን ዘግቼ ነበር መሃሉን የማሰምረው። ለካ የታችኛው መስመር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው!)

መከራዬ ንባቧ ነው። እሑድ፣ «ኒቺዮቢ»፣ ሲጻፍ ሁለት ጊዜ ትገባለች፦ መጀመሪያ «ኒቺ»፣ መጨረሻ «ቢ»። ለብቻዋ ስትቆም «ሂ»። ከወሩ ሁለተኛው ቀን፣ «ፉትሱካ»፣ ላይ ደግሞ «ካ» ሆና ቁጭ! «ኪዮ»፣ ማለትም ዛሬ፣ ላይማ የትኛው ድምፅ የሷ እንደሆነ ጭራሽ መለየት አቃተኝ።

«ኒቺ» ከቻይና የመጣ፣ «ሂ» የጃፓን የራሱ ንባብ መሆኑን አንብቤያለሁ። ግን አዲስ ቃል ውስጥ ሳገኛት የቱን እንደምመርጥ በምን ልወቅ? ንባቦቹን ለብቻ ልሸምድዳቸው ወይስ ከነቃላቸው ልያዛቸው? እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?