ግራ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ረዳቱ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ወገን። ትናንት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳሙናው ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልጨፍን ብል አልዘጋ አለኝ። መስታወት ሳይ አፌ ወደ ቀኝ ተጣሟል። ዋዜማውን ከጆሮዬ ጀርባ ያመኝ ነበር፣ ንቄው ተኛሁ። ሥራዬ የሚኒባስ ረዳትነት ነው። «ቃሊቲ» ስል ደህና ይወጣል። «መገናኛ» ላይ ግን ከንፈሬ አይገጥምም፣ ተሳፋሪው ይስቃል። ፉጨትማ ቀረ። ሻይ በጎን ይፈስብኛል። እንጀራው ጉንጬ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፣ በጣት ነው የማወጣው። እናቴ «በር ላይ ቆመህ እየዋልክ ንፋስ መቶህ ነው» ትላለች። ይድናል?

የአባዶ ልጅ፦ እናትህ ልክ ናቸው። ዳማከሴ ጨምቀህ ተቀባ።

ነርስ ነኝ (ኮዬ ፈጬ)፦ ቆይ መጀመሪያ። ግራ ቅንድብህ ይነሳል? እጅና እግርህስ? ግንባር ደህና ሆኖ አፍ ብቻ ከተጣመመ፣ ወይም እጅ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ለአምቡላንስ 907 ደውል።

ረዳቱ፦ ቅንድቤም አይነሳም። እጅና እግሬ ደህና ናቸው።

ነርስ ነኝ፦ እንግዲያው ቤልስ ፓልሲ የሚሉት የፊት ነርቭ መዛል ይመስላል። ግን ሳላይህ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይህ። የፊትን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ ጆሮ አካባቢ በጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ያልፋል። ሲያብጥ እዚያው ይጨመቃል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚረዳው፣ አንተ አንዱን ቀን አቃጥለሃል። ስኳር ካለብህ ተናገር፣ ከፍ ያደርገዋል። ጆሮህ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለም አሳይ፣ ሕክምናው ይለያል። የዳማከሴ ሽታ እኔም እወዳለሁ፣ ግን የማይዘጋ ዓይን አጠገብ ምንም አይጨመቅ።

እትዬ (ሰበታ)፦ አይዞህ የኔ ልጅ፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። እኔን የጎዳኝ ከአፌ ይልቅ ዓይኔ ነው። ሳይዘጋ እያደረ ደርቆ ቆሰለ። ከዚያ ወዲያ እስክድን ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ አደርግ ነበር፣ ማታ ቅባት ቀብቼ የዓይኔን ሽፋን በጣቴ ዘግቼ በፕላስተር እይዘው ነበር። አንተ በዚያ አቧራ ያለ መነጽር እንዳትወጣ! ስትበላ በቀኝ አላምጥ፣ ከበላህ በኋላ ተጉመጥመጥ። ለቅሶ ቤት ሄጄ የምስቅ መስሏቸው የገላመጡኝን አልረሳም። በ3ኛው ሳምንት ቅንድቤ ነቅነቅ አለ፣ ሙሉ ለሙሉ ለመዳን 4 ወር ፈጀብኝ።

ሹፌር ነኝ፦ ጥሪውን ለተራ አስከባሪው ተውለት፣ አንተ ሂሳብ ሰብስብ።

ረዳቱ (ማታ)፦ ሄጄ መጣሁ። ሐኪሙም ቅንድቤን ነው መጀመሪያ ያየው። ፕሬድኒሶሎኑን ምግብ በልቼ ጀመርኩ፣ የዓይን ጠብታም ሰጡኝ። ጥቁር መነጽር ገዛሁ። ሹፌራችን «ባለሥልጣን መሰልክ፣ ሂሳብ ማን ሊከለክልህ» አለኝ። ሳቅኩ፣ በቀኝ በኩል ብቻ።