ከታሰረች ጀልባ ውዝዋዜ የጣናን ሞገድ ማስላት፦ አጭሩ ሞገድ ላይ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ከታሰረች 12 ሜትር ርዝመት ካላት ጀልባ እንቅስቃሴ የሞገዱን ከፍታ ማስላት እፈልጋለሁ። የፍጥንጥነት መለኪያው መሃሏ ላይ ሆኖ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመዘግባል። የ20 ደቂቃውን መዝገብ ወደ ስፔክትረም (ጉልበቱ በየድግግሞሹ እንዴት እንደተከፋፈለ ወደሚያሳይ ግራፍ) እቀይርና ለማዕዘናዊ ድግግሞሹ 4ኛ ርቢ፣ ከዚያም ለጀልባዋ ምላሽ (ከሞገዱ ከፍታ አንጻር ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደምትል) ስኩዌር አካፍላለሁ። ከስፔክትረሙ ሥር ያለው ስፋት ስኩዌር ሩት በ4 ሲባዛ ከፍታውን ይሰጣል። ውቅያኖስ ላይ ለትልልቅ መርከቦች የሚሠራውም ይኸው ነው።

የጣና ሞገድ ግን አጭር ነው። የ2 ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጀልባዋ ሥር ጉብታውና ጎድጓዳው እርስ በርስ ይጣፋሉ። ምላሹ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ማካፈሉ የመለኪያውን ጫጫታ ያገንነዋል። ከ0.45 ሄርዝ በላይ ያለውን ብቆርጥ ደግሞ ዋናው ጉልበት አብሮ ይሄዳል። ገመዱ ሲወጠር የሚያዛባውን የፊትና የጎን መንሸራተት ትቼ ሽቅብ ቁልቁሉን ብቻ ነው የያዝኩት።

ማካፈሉን ትቶ እንደ ጆንስዋፕ ያለ የታወቀ የሞገድ ስፔክትረም ቅርጽ ማላመድ ይሻላል? ወይስ 4 ሜትር የማትሞላ ጀልባ ከዳርቻው ግንብ ርቆ ማሰር? ግንቡ የሚመልሰውን ሞገድስ እንዴት ትለያላችሁ? በታንኳ ወደ ዘጌ ለሚቀዝፉ ሰዎች ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነውና፣ የሠራችሁበት እባካችሁ አግዙኝ።