ሽማግሌው እጄን ስመው «አባ፣ ይፍቱኝ» አሉኝ። ይሄ ጥሪ ነው ወይስ የዓይን ስህተት?

የሽፍት ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

27 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ፣ የሽመና ማሽን ላይ። አባቴ ከእምድብር የመጣ ጉራጌ ነበር፣ ካቶሊክ። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እናቴ የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ናት። የእናቴ እናት ደግሞ ሙስሊም ናት፣ ሶላት የማያልፋት። ለወሎ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም፤ ለሌላው ነው የጻፍኩት። እኔ በአባቴ ወጥቼ ካቶሊክ ነኝ።

ጥር ላይ ነው። የሌሊት ሽፍት ጨርሼ ስወጣ የቁምስናችን (የአጥቢያችን) አባ ደወሉልኝ። ሞተራቸው አልነሳም ብሏል። ሄጄ አየሁት፣ ካንዴላው ነው። አጸዳሁት፣ ተነሳ። «ከመጣህ አይቀር አብረን እንሂድ» አሉኝ። ሐረጎ አካባቢ ለታመሙ ሽማግሌ ቁርባን ሊያደርሱ ነበር። እንቅልፌ እየመጣ ከኋላቸው ተፈናጠጥኩ።

ቤቱ ውስጥ ጭስ አለ። ሽማግሌው መደብ ላይ ተኝተዋል፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። አባ በር ላይ ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ኮቴዬን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። እጄን ለቀም አደረጉና ሳሙት። «አባ፣ ይፍቱኝ» አሉ።

እጄ ግሪስ ነው። ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር በኦሞም አይለቅም። «እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ እምቢ አለኝ። አባ ከኋላዬ ደርሰው «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉ። ሽማግሌው ግን እጄን አልለቀቁም። ጸሎቱ ተደግሞ፣ ቆርበው፣ ውሃ ጠጥተው እስኪጨርሱ እንደያዙኝ ነበሩ። ስንመለስ አባ ስለዚህ አንድ ነገር አላነሱም። ስለ ካንዴላ ዋጋ ነው ያወራነው።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። ማሽን ፈትቼ ቆሜ እቀራለሁ። ካህን መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረውን ልናገር። ይህ ከመሆኑ ሁለት ወር በፊት ከሦስት ዓመት ጓደኛዬ ጋር ተለያይተን ነበር። ሥራውም ሰልችቶኛል። ሽሽት ቢሆንስ? አባን አማከርኳቸው። «አንድ ዓመት ቆይ» አሉኝ፣ በቃ። እናቴ አታውቅም። እኔ አንድ ልጇ ነኝ፤ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። የነገርኩት ለአያቴ ብቻ ነው፣ ምስጢር ትይዛለች ብዬ። «ቄስ መሆንህ ደግ ነው። ሚስትህስ ማን ልትሆን ነው?» አለችኝ።

ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። 27 ዓመትስ አልረፈደም?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ወንድሜ፣ እኔ አምስት ዓመት ዘርዓ ክህነት (ካህናት የሚሠለጥኑበት ሴሚናሪ) ውስጥ ቆይቼ ወጥቻለሁ። አሁን ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ያባረረኝ የለም። አለቃችን ጠርተውኝ «ደስተኛ ነህ?» አሉኝ፤ ማልቀስ ጀመርኩ። በዚያው አለቀ።

የገባሁት በ18 ዓመቴ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የጎተተኝ ቀሚሱ ነበር። አባ ሲያልፉ ሰው ሲነሳ አያለሁ፣ ለእኔም እንዲነሳ ፈለግኩ። ቅዳሴው ደስ ይለኛል፣ ድምፄም ጥሩ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል መላክ ጀመርን። አርብ ማታ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። የታመመ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልም። አንድ ቀን ሽንት ቤት ተደብቄ የጉብኝቱን ሰዓት ጨረስኩ። ይሄን ለሚስቴ እንኳ የነገርኳት ከተጋባን በኋላ ነው።

አንተ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቀሚስ የለም፣ ስለ መቅደስ የለም። ያለው ጭስ ቤትና የሽማግሌ እጅ ነው። ጥሪ አለህ ብዬ አልፈርምልህም፣ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን እኔ ከሮጥኩበት ቦታ ነው አንተን የያዘህ።

ሽሽት ነው ወይ ላልከው፣ የሚሸሽ ሰው ይቸኩላል። ጥሪ ከሆነ ዓመት ቢቆይ አይሻግትም። አባ ያሉህን ስማ። ግን ዓመቱን ዝም ብለህ አትቁጠር። ያንን ቤት ያለ አባ፣ ያለ ሞተር፣ በእግርህ ሂድበት። ከልጅቷም ጋር ያልተዘጋ ነገር ካለ ዝጋው፤ ሴሚናሪ ውስጥ እንደገና ይመጣብሃል፣ ያውም በጾም ሰዓት።

ዕድሜህ ችግር የለውም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በምትመራበት በምሥራቃውያን ካቶሊኮች ቀኖና ለቅስና ዝቅተኛው ዕድሜ 24 ነው። መሰናዶው፣ ፍልስፍናው፣ ሥነ መለኮቱ፣ በመሀል ቁምስና ወጥቶ መሥራቱ፣ ዲቁናው ሲደመር ሰባት ስምንት ዓመት ይሄዳል። 35 ትሆናለህ ማለት ነው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን አስታውስ። የጎጃም ሰው፣ ኦርቶዶክስ መነኩሴ፣ ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የኖረ ሊቅ። በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጳጳስ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ቅስና የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር፣ ዕድሜው 60 ገደማ ሆኖ። ከአራት ዓመት በኋላ በእስር፣ በሰንሰለት እንዳለ ሞተ። ስለዚህ በ27 ረፈደ አትበለኝ።

የእናትህ ኦርቶዶክስ መሆን አያግድህም። የቤት ኪራዩ ግን ከባድ ጥያቄ ነው፣ በግልጽ አንሳው። የካህናት ማኅበር ከገባህ፣ ካፑቺን በለው ላዛሪስት፣ የድህነት መሐላ አለ፤ ሠርተህ የምታገኘው የማኅበሩ ነው። የሀገረ ስብከት ካህን ከሆንክ መሐላው የለም፣ ከምታገኛት ትንሽ ነገር ለእናትህ መላክ ትችላለህ። ትንሽ የምትለውን ቃል አስምርባት።

አንተ ያለኸው ባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተከፍሎ የተቋቋመ ነው። አገሩ ሰፊ፣ ምእመኑ ጥቂት። ቀሪ ዕድሜህ መንገድ ላይ ነው የሚያልፈው። ካንዴላ ማጽዳት መቻልህ ከሥነ መለኮት እኩል ይጠቅምሃል፣ ቀልዴን አይደለም።

ፒያሳ 04

ወዳጄ ምን አስጨነቀህ? ኦርቶዶክስ ዲያቆን ሁን፣ አግባ፣ ከዚያ ቅስና ተቀበል። አያትህም ደስ ይላታል፣ ኪራዩም ይከፈላል ሃሃ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

@ፒያሳ 04፣ ሥራ ማስታወቂያ አደረግከው እኮ።

ለቁም ነገሩ ግን፣ አያትየው አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ያገባ ሰው ካህን መሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ዝርዝሩን ግን ለየቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ይተወዋል። እኛ አገር በተግባር ካቶሊክ አባ ስትል ያላገባ ማለት ነው። ከተካነ በኋላ ማግባት ደግሞ የትም የለም። እና ልጁ ሚስት አላገባም ብሎ ነው የሚገባው። ይሄን ለአያቱ ሲያስረዳ «መነኩሴ ነው» ይበላት፣ በትክክል አንድ ባይሆንም ይገባታል።

የአባ እህት

ወንድሜ ካህን ነው፣ 11 ዓመቱ። ስለ እናትህ ልንገርህ፣ ሌላውን ወንዶቹ ያውሩ።

ወንድሜ ሊገባ ሲል እናታችን ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ጋቢ ገዝታ መጣች፣ «እዚያ ብርድ ነው ይላሉ» ብላ። በተካነ ቀን ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፋ እጁን ልትስም ቀረበች። እሱ እጁን ነጠቃት፣ እሷ ያዘችው። ሁለቱም ሲታገሉ ፎቶ አንሺው አነሳቸው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ የተጣሉ ይመስላሉ።

ያልነገሩህን ልጨምር። እናትን የሚያስታምም እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። እሱ ፋሲካና ገና አይመጣም፣ ሥራው ያኔ ነዋ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። አንተ ደግሞ እህት የለህም። ከመሄድህ በፊት «ማን አለ?» የሚለውን በስም መልስ። አክስት? ጎረቤት? የአባትህ ወገን? «እግዚአብሔር ያውቃል» አትበል፤ እሱ እንደሚያውቅ እናውቃለን።

ደግሞ ንገራት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ያኔ ነው የምታጣት።

ቦርከና

አብሽር ወንድሜ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስለ ካቶሊክ የማውቀው የለም። ግን አያትህ ምስጢር ትይዛለች ያልከውን አላመንኩም። የኔ አያት ብትሆን ዱዓ ላይ ጮክ ብላ ነበር የምታወጣው።

የሽፍት ልጅ (ኮምቦልቻ)

ቦርከና፣ አፍህ ላይ ጥሎህ ነው!

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ነበር። ሁለተኛው ሲወርድ ጀመርኩ፣ ገና «እማ፣ አንድ ነገር» ስል «አያትህ ነግራኛለች፣ ከጾም ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው» አለች። አያቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሙስብሃዋን ትቆጥራለች፣ ቀና አላለችም። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልመረቀችኝምም። «ያቺ ልጅ ናት እንዲህ ያደረገችህ?» ብላ ጠየቀች። አይደለም ለማለት ፈልጌ «አላውቅም» አልኩ። እውነቱ እሱ ነው። «እንግዲያው አባ ያሉህን ዓመት ጨርስ» አለችና ሦስተኛውን ቀዳች። አያቴ ያኔ ነው ቀና ያለችው፣ «አላህ ያግራልህ» አለች።

የአባ እህት፣ «ማን አለ?» ያልሽው ሌሊቱን አላስተኛኝም። ያባቴ ታናሽ ወንድም ደሴ ሱቅ አለው። እሁድ ሄጄ አወራዋለሁ። እሺ ካላለኝ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ሽማግሌውንም ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ብቻዬን። አሁን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ «መካኒኩ» ነው የሚሉኝ። ራዲዮናቸውን ጠገንኩላቸው።

አባ ደግሞ ለነሐሴ «ኑና እዩ» የሚባል የጥቂት ቀን ቆይታ እንዳለ ነግረውኛል። ለማየት ብቻ ነው፣ ማንም አይፈርምም። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይዘህ ና ተብያለሁ። እኔ የተጠመቅኩት በአባቴ አገር፣ በሕፃንነቴ ነው። እምድብር አካባቢ ያላችሁ፣ የድሮ የጥምቀት መዝገብ ለማውጣት ራሴ መምጣት አለብኝ ወይስ በሰው ይሆናል? የሽፍት ፈቃድ ለማግኘት ቀኑን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።