ታራሚዎችን በደቻቱ ግንብ ሥራ ማሰማራት ተገቢ ነውን?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ቀፊራ)፦
በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ ወዲህ፣ ዝናብ በተቃረበ ቁጥር የሰፈራችን ወሬ የጎርፍ መከላከያው ነው። ሰሞኑን በእድራችን ስብሰባ አንድ አባት ግንቡን ለማራዘም የማረሚያ ቤት ታራሚዎች ቢሰማሩ ወጪው እንደሚቀንስ ተናገሩ፤ ብዙው ሰውም ደገፋቸው። እኔን ግን ሐሳቡ ከብዶኛል። ፍርዱ ነጻነቱን የወሰደበትን ሰው ጉልበቱንም በነጻ መውሰድ ይገባልን? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የሕግ ባለሙያ (ሐረር)፦
ሕጉ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ቢከለክልም፣ በሕግ የታሰረ ሰው በእስር ቆይታው በተለምዶ እንዲሠራ የሚወሰነውን ሥራ ከክልከላው ያወጣዋል። አገራችን ያጸደቀችው የ1930 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የግዳጅ ሥራ ስምምነት ግን ሰውየው በፍርድ ቤት የተፈረደበት እንዲሆን፣ ሥራው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲካሄድ፣ ታራሚውም ለግል ድርጅት ተላልፎ እንዳይሰጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ ያለውን እስረኛ መንካት አይቻልም፤ ግንቡን የሚሠራው የግል ተቋራጭ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የቀድሞ ፎርማን (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
ሕጉ መልካም ነው፤ እኔ የምፈራው የሥራ ቦታውን ነው። ጋቢዮን የሚባለው ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት ሲታሰር ሽቦው ጓንት የሌለውን እጅ ይተለትላል፤ በድሬ ፀሐይ ድንጋይ ሲደረድር የዋለ ሰው ውኃና ጥላ ካላገኘ ይወድቃል። የቀን ሠራተኛ ሲከፋው ጥሎ ይሄዳል፤ ታራሚው ወዴት ይሄዳል? «ፈቅዶ ነው የሚሠራው» የሚለውም አያሳምነኝም። የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ አመክሮ የሚጠብቅ ሰው፣ ስለ ጠባዩ አስተያየት የሚጽፈውን ኃላፊ «አልሠራም» ሊለው አይደፍርም። እምቢ ማለቱ በአመክሮው ላይ እንደማይቆጠርበት በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ ፈቃዱን ፈቃድ ብዬ አልቀበልም።

ሌላ አንባቢ (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦
ከፎርማኑ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ታራሚው ሙያ ይዞ ቢወጣ ለራሱም ለቤተሰቡም ይበጃል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች ተመጣጣኝ ክፍያን፣ ለነጻ ሠራተኛ የሚደረገውን የደኅንነት ጥበቃና የጉዳት ካሳን ይጠይቃሉ፤ ከገቢውም ለቤተሰቡ እንዲልክ ይፈቅዳሉ። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ክፍያው ከተቀነሰ ግን በየማለዳው ሥራ ፍለጋ የሚቆመው የሰፈራችን ወጣት እንጀራውን ይነጠቃል። ሶቪየት ኅብረት ከ1931 እስከ 1933 (እ.ኤ.አ.) የነጭ ባሕርና ባልቲክን ቦይ በእስረኞች ስታስቆፍር ሺዎች አልቀዋል፤ ቦዩም ጥልቀቱ አንሶ ለትልልቅ መርከቦች አልሆነም። እድሩ ሐሳቡን ለአስተዳደሩ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ለታራሚው የሚከፈለው ከቀን ሠራተኛው እንዳያንስ በደብዳቤው ላይ ቢጠይቅ እፈርምበታለሁ።