የሞረድ መምሪያ ለቤልት ግራይንደር፦ ካርባይድ ወይስ የጠነከረ ብረት?

ጣና ዳር
ባሕር ዳር ለአሳ ሻጮች ሁለት ዓይነት ቢላ ነው የምሠራው፤ ለቆሮሶ ቀጭንና ተጣጣፊ፣ ለአምባዛ ሰፋ ያለ። ብረቱ 3 ሚሊ፣ የምስልበት ማሽን (ቤልት ግራይንደር) ላይ የሚዞረው የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ፣ ማለትም ቤልቱ፣ 50 በ1830 ሚሊ ነው። ያስቸገረኝ ትከሻው፣ ማለትም ስለቱ ከእጀታው ፊት የሚጀምርበት መስመር ነው። ግራና ቀኙ አይገጥምም፣ አንዱ 1 ወይም 2 ሚሊ ቀድሞ ይገባል። ፋይል ጋይድ የሚሉትን፣ ቢላውን በሁለት ብረት መካከል አስሮ ሞረዱ ወይም ቤልቱ ከመስመሩ እንዳያልፍ የሚያግደውን መምሪያ ልግዛ ብዬ ሳይ አንዱ የጠነከረ ብረት፣ ሌላው ፊቱ ካርባይድ (ከጠነከረ ብረትም የሚጠነክር ነገር) የተለጠፈበትና ውድ ነው። የቱ ይሻላል? ወይስ እዚሁ ቶርኖ ቤት ላሠራ?

ሞርሳ
ዋጋውን ተወውና መጀመሪያ ቤልቱ መምሪያውን ይነካዋል ወይስ አይነካውም የሚለውን ወስን። ሴራሚክ ቤልት የጠነከረ ቢላ የሚበላ ከሆነ የጠነከረ መምሪያንም ይበላል። ጠርዙ አንዴ ጎድጎድ ካለ፣ ያ ጉድጓድ ከዚያ በኋላ በምትሠራው ቢላ ሁሉ ትከሻ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቤልቱን እስከ መምሪያው የምታስጠጋ ከሆነ ካርባይድ ግዛ። ጠላቶቹ የሲሊከን ካርባይድ ቤልትና አልማዝ ናቸው፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀም ጥጉ ይሸረፋል። ፊቱ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ በእጅ መያዝ እስኪያቅት አታግለው፣ ሙጫው ይለቃል።

ደግሞ የመምሪያውን ሁለት ብረቶች በሚያገጥሙት ሁለት ፒኖች መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፣ ቢላው የሚገባው እዚያ ነው። ያንተ አምባዛ ቢላ 45 ሚሊ ከሰፋ፣ 40 የሚል መምሪያ ምን ያደርግልሃል?

ባሌስትራ
በሞረድ ለሚጨርስ ሰው ቤት የተሠራው ይበቃል። ሁለት ቁራጭ የመኪና ባሌስትራ፣ እያንዳንዱ 100 በ25 ሚሊ፣ በእሳት አለስልሰህ ቁረጥ። ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ በአንድ ጊዜ ብሳ፣ ለየብቻ የተበሳ አይገጥምም። ለኤም 6 ብሎን በ5 ሚሊ ፑንታ በስተህ አንዱ ላይ ጥርስ አውጣ፣ ሌላውን በ6.5 አስፋ። ሁለት 6 ሚሊ ፒን ካልጨመርክ ብሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱ ይንሸራተታሉ። ከዚያ ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላ ትንሽ ጨምረህ አግለውና ዘይት ውስጥ ንከረው፤ 150 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆየው። መጣመሙ አይቀርም፣ መስታወት ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አስተካክል። እንደ ፋብሪካው አይጠነክርም፤ ስለዚህ በጠርዙ ጥርስ የሌለው ሞረድ ያዝና ያን ጠርዝ ወደ መምሪያው አዙር።

ሞርሳ
ይሄ ለሞረድ እውነት ነው። ቤልት ላይ ግን አንድ ሳምንት አይቆይም።

የትከሻው አለመግጠም ግን በመምሪያ ብቻ አይድንም። መስመሩን በማርከር አስምር፣ መምሪያውን ከቢላው ጀርባ 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ አይተህ እሰር፣ ሁለቱም ጎን እስኪያልቅ አትፍታው። ብዙ ሰው አንዱን ጎን ጨርሶ ይፈታና 1 ሚሊው እዚያ ይጠፋል። በ36 እና በ60 ቤልት (ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው) ከመስመሩ 1 ሚሊ ሳትደርስ ቁም፤ በ120 ብቻ ድረስበት። ቤልቱ ከጀርባው ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጠርዝ 2 ሚሊ ያህል ወጣ ይበል፣ የብረቱም ጠርዝ ክብ ይሁን። ካልሆነ ቤልቱ እንደ ቢላ ይቆርጥና ትከሻው ላይ ቀጭን ጭረት ይተዋል። ያ ጭረት በ400 ወረቀት አይወጣም፣ ጊዜህን ነው የሚበላው።

ጣና ዳር
እኔም ስፈታው ነበር። ለቆሮሶው ቢላም ያው ነው?

ባሌስትራ
አይደለም። ተጣጣፊ ቢላ ላይ ሹል ጥግ ያለው ትከሻ አትሥራ፤ ሲታጠፍ ጭነቱ ሁሉ እዚያ ጥግ ላይ ይሰበሰብና ከዚያው ይሰበራል። መምሪያውን ለልክ ብቻ ተጠቀምበት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ርቀህ በለስላሳ ቤልት ጎበጥ አድርገህ ጨርስ። ሹል ጥግ ውስጥ የአሳ ቅባትና ውሃም ይቀራል፣ ካርቦን ብረት ከሆነ ዝገቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው። አንዱን ቢላ በሰያፍ ብርሃን ይዘህ እየው፣ ትከሻው ላይ የሚታየው ጥላ ቀጭን መስመር ከሆነ አሁንም ሹል ነው።

ሞርሳ
ለአምባዛው ካርባይድ፣ ለቆሮሶው የባሌስትራው ይበቃሃል። ቢላው በእሳት ከመጠንከሩ በፊት የስለቱ አፍ ላይ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ውፍረት ተውለት፤ ከዚያ ከሳሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይሞገዳል።