ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ለተገኘበት ሰው ከማርቆስ ገበያ ምን ይገዛል? የሞከርኩትን ልጠቁማችሁ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደንግጣ መጣች። አባቷ ተመርምረው «ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል፤ ምግብ ያስተካክሉ፣ ክብደት ይቀንሱ» ተብለዋል። «ጋሼ፣ ምን እንግዛላቸው?» አለችኝ። ከሷ በፊትም ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ይህንኑ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግም ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ የምኖር የ47 ዓመት ሰው ነኝ። አምና ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 252 ነበር (እዚህ የምጽፋቸው የደም ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል 168፣ ትራይግሊሰራይዱ (ሌላው የደም ስብ) ደግሞ 240። ክብደቴ 84 ኪሎ። ሐኪሜ አምስት ወር ሰጠኝ። በአምስት ወሩ 77 ኪሎ ገባሁ፤ ኤልዲኤሉ 131፣ ትራይግሊሰራይዱ 150 ሆነ። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን የለወጥኩት ነገር በሙሉ ከገበያችን የሚገኝ ነው፤ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ አልገዛሁም።

በመጀመሪያ ምርመራውን በትክክል አስደርጉ። አንድ የግል ላቦራቶሪ ጠቅላላውን ብቻ ሠርቶ ሰጠኝና አንድ ወር ሙሉ በአንድ ቁጥር ስጨነቅ ከረምኩ። ሲያዝዙላችሁ «ሊፒድ ፕሮፋይል» በሉ። ውጤቱ ላይ አራት ነገር መኖር አለበት፦ ጠቅላላ፣ ኤልዲኤል፣ ጥሩው የሚባለው ኤችዲኤል፣ ትራይግሊሰራይድ። ለብዙ ሰው ኤልዲኤል ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከ160 በላይ ከፍተኛ ነው። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ይወስን። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲደክምም ኮሌስትሮል ከፍ ይላል። ስለዚህ እንቅርት ያለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ሁለተኛውን ምርመራ እዚያው የመጀመሪያው ቦታ አስደርጉ፤ ቁጥሩን ለማወዳደር ይመቻል። ከፋሲካ ማግስት ግን አትሂዱ።

አሁን ወደ ገበያው። ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣልኝ ዘይት ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እዚህ ሱቅ ላይ የሚሸጠውን ዘይት ለሁለት ክፈሉት፦ የሚረጋና የማይረጋ። የሚረጋው ፓልም ነው። የኛ ከተማ ብርድ ለዚህ ጥሩ መለያ ነው። ጠዋት ጄሪካኑን ስታዩት ነጭ ሆኖ ከረጋ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው። የሱፍ፣ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ላይ ይህ ስብ ከ20 በመቶ በታች ነው። ፓልም በዋጋ ይረክሳል፤ ቤተሰብ ለበዛበት ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት አምስት ነን። በወር አራት ሊትር የሚረጋ ዘይት እንጨርስ ነበር። አሁን ሁለት ሊትር ኑግና ሱፍ ይበቃናል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ እያቁላላን ዘይቱን በማንኪያ ለክተን ስለምንጨምር ነው። ወጪው ብዙም አልጨመረም።

ኑግ ከመጭመቂያ ቤት ይሻላል ወይስ የታሸገ የሱፍ ዘይት? ሁለቱንም ተጠቅሜያለሁ። ለኮሌስትሮል ሁለቱም ደህና ናቸው። የኑጉ ሽታና ጣዕም ለሽሮና ለምስር ወጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ የጎጃም ሰው ያደገበት ነው። ችግሩ ንጽሕናው ነው። እናንተ ፊት የሚጨምቅ ቤት ምረጡ። ኑጉ ሲነፋ እዩ፤ ዘይቱን ቤት አምጥታችሁ አሳድሩት፤ ዝቃጩ ሲወርድ የላይኛውን ብቻ ቅዱ። የከረመ ሽታ ካለው መልሱት። የታሸገውን ስትገዙ ደግሞ የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የዘይቱን ዓይነት አንብቡ። አካባቢያችን ትልልቅ የዘይት ፋብሪካ አለው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ ቡሬ ላይ ነው፤ ደብሊው ኤ ደግሞ እዚሁ ማርቆስ። የሀገር ውስጥ ምርት ስለሆነ ብቻ የኑግ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ጠርሙሱ ላይ ፓልም ይላል ወይስ ሱፍ? ቁምነገሩ እሱ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። የኑግም ይሁን የሱፍ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ጥሩ ዘይት ነው ብሎ ማፍሰስ ክብደቱን አያወርድም።

ስለ ቅቤ መጻፍ ይከብደኛል። የጎጃም ቅቤ ነውና። ግን ቅቤ ላይ ያለው ስብ ከግማሽ በላይ ያው ኤልዲኤል የሚጨምረው ነው፤ ማንጠሩ ይህን አይለውጠውም። እኔ ለበዓል ብቻ አስቀረሁት፤ እሱም ለሽታ ያህል በሻይ ማንኪያ። ባለቤቴ የዘየደችው ዘዴ ግን ቤቱን አዳነው። የሱፍ ዘይት በቀስታ እሳት ታሞቅና ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ትንሽ አብሽ ጨምራ ታጠልለዋለች። ወጡ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሱቅ ላይ ተዘጋጅቶ «የጾም ቅቤ» እየተባለ የሚሸጠውን ረግቶ የሚቀመጥ ነገር ግን አልመክርም። ከአትክልት ተሠራ ማለት ለልብ ይስማማል ማለት አይደለም። የረጋው ወይ ፓልም ስለሆነ ወይ በፋብሪካ እንዲረጋ ስለተደረገ ነው።

እህል ላይ ደግሞ ጎጃም የታደለ ነው። ሱፐርማርኬት ላይ በካርቶን የሚሸጠውን የውጭ አጃ ብዙ ሰው ይገዛል። ጥሩ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ዋጋውን እዩትና ከጮቄ ሥር፣ ከሲናን ወገን የሚመጣውን እንግዶ አስቡት። እንግዶ የአጃ ዘር ነው። የደጋ ሰው እንጀራ ጋግሮ ይበላዋል፤ ከተማ ስንገባ ናቅነው እንጂ። አጃና ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አላቸው። አንጀት ውስጥ እንደ ንፍጥ ሆኖ ከኮሌስትሮል የሚሠራውን ሐሞት ይዞ ይወጣል፤ ጉበት ያንን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራም ያህሉ ኤልዲኤልን ቢያንስ 5 በመቶ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። ይህም ከ75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ይገኛል፤ አንድ ደህና ሳህን አጥሚት ማለት ነው።

እንግዶ ስትገዙ እንክርዳዱን አስለቅሙ፤ ያዞራል። ትንሽ አመስ አድርጋችሁ አስፈጩት። እኔ ጠዋት ጠዋት በውሃ የተሠራ አጥሚት እጠጣለሁ፤ ስኳር የለውም፤ ትንሽ ጨው ብቻ። እስከ ምሳ አይርበኝም። ክብደቴን ያወረደው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው ብዬ አምናለሁ። እንግዶ ያጣ ሰው የገብስ በሶ ይያዝ። በሶው ግን በውሃ ይበጥበጥ፤ በቅቤ ከተለወሰ ሌላ ምግብ ሆነ። ትራይግሊሰራይድ ያለበት ሰው ማሩንም ይቀንስ፤ ስኳርም ማርም ያንን ቁጥር ያንራሉ።

ማኛ ጤፍ ወይስ ሰርገኛ ላላችሁኝ፦ በዚህ ጉዳይ ብዙ ልዩነት የለም። ጤፍ ትንሽ ስለሆነ ከነቅርፊቱ ነው የሚፈጨው፤ ሁለቱም ሙሉ እህል ናቸው። ገንዘባችሁን ለጥራጥሬ አውሉት።

ጥራጥሬ ካነሳን ግብጦን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሜጫና አዊ ላይ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ከባቄላና ከሽምብራ የበለጠ ፕሮቲን አለው፤ አሰሩም ብዙ ነው፤ ያጠግባል። ከቢሮ ስወጣ ፓስቲ የምገዛበትን ገንዘብ አሁን ለግብጦ አውለዋለሁ። ግን ከምታውቋት ሴትዮ ግዙ። ግብጦ ተቆልቶ ለቀናት ውሃው እየተቀያየረ መዘፍዘፍ አለበት፤ መራራው ነገር መርዝነት አለው። ቀምሳችሁ ከመረራችሁ ትፉት። የግብጦ አረቄው ደግሞ ከዚህ ምክር ውጭ ነው። አልኮል ትራይግሊሰራይድን ይጨምራል።

«እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅቤና ሥጋ የምበላው ስንት ቀን ነው?» ያሉኝ አንድ ታላቅ አባት አሉ። እውነታቸውን ነው። የዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡን፣ የነቢያትን፣ የፍልሰታን ጨምሩበት። ጾሙ በራሱ ትልቅ እድል ነው። ግን በጾም ቀን የምንበላውን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? በሚረጋ ዘይት የተንቆረቆረ ሽሮ፣ መንገድ ዳር ዘይቱ አሥር ጊዜ በተደጋገመ ድስት የተጠበሰ ሳምቡሳና ፓስቲ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ የሁለት ሰው እንጀራ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና የ55 ቀኑን በአንድ ሳምንት። በጾም ወቅት ክብደቴ የቀነሰው ዘንድሮ ነው፤ ቅቤ ስለተውኩ አይደለም፤ ዘይቱን ለክቼ፣ ጎመኑንና ምስሩን አብዝቼ፣ እንጀራውን አንድ ስላደረግሁ ነው።

ሥጋ ለሚበላ ሰው ከጮማው ይልቅ ቀዩ፣ ከበሬውም ይልቅ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ ይሻላል። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ጣና አጠገባችሁ ነው። ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ በወጥ ወይም በጎላሽ እዘዙ፤ ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ከተጠበሰ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጂም ወይስ እግር? ሁለት ወር ጂም ከፍዬ ስድስት ቀን ነው የሄድኩት፤ ለኔ አልሆነም። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። እኔ ጠዋት ወደ ውሰታ ወርጄ እመለሳለሁ፤ አቀበቱ ደረትን ይፈትናል። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ቤዛዊት ይወጣል። ሚዛን መግዛት አያስፈልግም፤ ፋርማሲ ደጃፍ ያለው በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት ይሁን። ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የቀነሰ ሰው በተለይ ትራይግሊሰራይዱ ላይ ለውጥ ያያል።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። «ስብ የሚያቀልጥ ሻይ» እና ስሙ የማይታወቅ የኮሌስትሮል ዱቄት እየተሸጠ ነው። አትግዙ። አብዛኛው የሚያስቀምጥ ነው፤ የምትቀንሱት ኪሎ ውሃ ነው። አንዲት ዘመዴ እሱን ተማምና የሐኪም መድኃኒቷን አቁማ ነበር። ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት) የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቁም፤ ሎሚም ነጭ ሽንኩርትም አይተካውም።

ስለ ቡና ለጠየቅሽኝ እታለም፦ ሳይጣራ በሚፈላ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ ኤልዲኤልን ይጨምራል። የወረቀት ማጣሪያ ያስቀረዋል። አቦሉን ጠጪና ቶናና በረካውን ለእንግዳ ተይ። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።

ተልባ ለጠየቃችሁ፦ አዎ ይረዳል፤ ግን ይፈጭ። ፍሬውን እንዳለ ከዋጣችሁት እንዳለ ይወጣል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ማርቆስ ላይ የማምነው የኑግ መጭመቂያ አለኝ። ለፍኖተ ሰላም፣ ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰዎች ግን የምጠቁመው የለኝም። ፊታችሁ የሚጨምቅ ንጹሕ ቤት የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ አባት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዳንግላ ልጃቸው ጋ ሊከርሙ ነው።